ዴኒስ ሪቺ፦ ሊኑክስ ለሚጀምር ተማሪ የሚጠቅም ሕይወት

መግቢያ

ኮምፒዩተር የሚያጠና ተማሪ ሁሉ የቢል ጌትስንና የስቲቭ ጆብስን ስም ያውቃል። ዴኒስ ሪቺ ማነው ተብሎ ቢጠየቅ ግን ብዙው ሰው ዝም ነው የሚለው። ስሙን ሰምቻለሁ የሚለውም ቢሆን በሲ ፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ሽፋን ላይ አይቶት ይሆናል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ነገር ግን በኪሳችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክ፣ ኢንተርኔቱን የተሸከሙት አብዛኞቹ ሰርቨሮች፣ በቤተ ሙከራ የምንለማመድበት ሊኑክስ፣ ሌላው ቀርቶ የአፕል ኮምፒዩተር ሳይቀር የዚህ ሰው እጅ አለበት።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በተለይ ዘንድሮ ወደ ክፍላችን ለገባችሁ ወንድሞችና እህቶች ነው። ሊኑክስን እንዴት አድርጌ ልልመደው የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። የሚሰጠውም መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የትዕዛዞች ዝርዝር። ዝርዝሩ ይሸመደዳል፣ ለፈተና ይጻፋል፣ ከፈተናው ማግስት ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትዕዛዙ ለምን እንደዚያ ተደርጎ እንደተሠራ ያልገባው ሰው የያዘው ቃሉን እንጂ እውቀቱን አይደለም። እኔ ሌላ መንገድ ልጠቁማችሁ፤ ነገሩን ከሠራው ሰው እንጀምር።

እኔ ያደግሁት ግሽ አባይ ነው፤ ሰከላ ወረዳ፣ የዓባይ ምንጭ ካለበት። ባሕር ዳር ድልድዩ ላይ ቆሞ ከጣና የሚወጣውን ዓባይ ያየ ሰው የግሽን ምንጭ ቢያይ አያምንም፤ በጣም ትንሽ ናት። ሊኑክስም እንደዚያ ነው። የዛሬው ከርነል በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር የኮድ መስመር ስላለው ጀማሪን ያስፈራል። ወደ ምንጩ ሲወጣ ግን አንድ ሰው ተቀምጦ አንብቦ የሚጨርሰው ነገር ይገኛል። የሪቺን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ልደቱና ትምህርቱ

ዴኒስ ማክአሊስቴር ሪቺ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1941፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ብሮንክስቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው በኒው ጀርሲ ግዛት በሰሚት ከተማ ነው። አባቱ አሊስቴር ሪቺ በቤል ላብስ የምርምር ተቋም ለብዙ ዘመን የሠራና ስለ ስልክ መቀያየሪያ ሰርኪዩቶች ከባልደረቦቹ ጋር መጽሐፍ የጻፈ ሳይንቲስት ነበር። ቤል ላብስ ማለት ያኔ የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲኤንድቲ የምርምር ክንፍ የነበረ ሲሆን ትራንዚስተር የተፈለሰፈው እዚያ ነው።

ሪቺ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1963 በፊዚክስ ተመረቀ። በነገራችን ላይ የእኛው ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። ተማሪ ሳለ ስለ ዩኒቨርሲቲው የዩኒቫክ ኮምፒዩተር አሠራር የተሰጠ ንግግር አዳመጠና ልቡ ወደዚያ ሄደ። ለድኅረ ምረቃ ወደ አፕላይድ ማቴማቲክስ ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1968 የዶክትሬት ጽሑፉን አዘጋጀ። ኋላ በአጭሩ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ ስለነዚያ ዓመታት ሲያወሳ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ለፊዚክስ የሚበቃ ጭንቅላት እንደሌለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ለአልጎሪዝም ቲዎሪ እንደማይበቃ እንዳሳመነው እየቀለደ ይናገራል። ይህን የሚለው ሰው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ ዝቅ ብሎበት ይህ ሙያ የእኔ አይደለም እያለ ለሚቆዝም ተማሪ ይቺ ብቻዋን ትበቃለች።

ሌላም ነገር አለ። ጽሑፉን ጨርሶ ሳለ ዲግሪውን በይፋ አልተቀበለም። እንደሚነገረው ከሆነ የተጠረዘ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ማስገባት ይጠበቅበት ነበር፤ አላስገባም። ስለዚህ ዓለም ሁሉ ዶክተር እያለ ሲጠራው የኖረው ሰው የዶክትሬት ዲግሪው እጁ ላይ አልነበረም። እናንተ ግን እንዲህ አታድርጉ፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በጊዜ አስጠርዛችሁ አስገቡ።

ማሽን የተከለከሉ ሰዎች

ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1967 ቤል ላብስ ተቀጠረ። የተመደበውም መልቲክስ በሚባል ፕሮጀክት ላይ ነበር። ኤምአይቲ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ቤል ላብስ ተባብረው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ግዙፍ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊሠሩ ተነሥተው ነበር። ሥራው ግን ዘገየ፣ ወጪው ናረ። በ1969 ቤል ላብስ ጥሎ ወጣ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ለእኛ የሚቀርበው። ሪቺና ጓደኛው ኬን ቶምሰን ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ያለ መሥሪያ ማሽን ቀሩ። በዚያ ዓመት ኮምፒዩተር ይገዛልን እያሉ ደጋግመው አመለከቱ፤ አልተፈቀደም። ድርጅቱ ከመልቲክስ ኪሳራ በኋላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባል ነገር መስማት አልፈለገም። ቶምሰን ደግሞ በፀሐይ ዙሪያ ካሉ ፈለኮች መካከል መንኮራኩር የሚነዱበት አንድ የጨዋታ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ትልቁ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ መጫወት 75 ዶላር ያህል ያስወጣል። በዚህ ምክንያት ማንም ብዙ የማይፈልገው ፒዲፒ-7 የሚባል ትንሽ ኮምፒዩተር ፈልጎ አገኘና ጨዋታውን ወደዚያ አዛወረው።

ከዚያ በፊት ቶምሰን፣ ሪቺና ራድ ካናዴይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የፋይል ሥርዓት ነድፈው ነበር። ቶምሰን ያንን ንድፍ በፒዲፒ-7 ላይ ሠራው። በ1969 ክረምት ባለቤቱ ልጃቸውን ይዛ ለሦስት ሳምንት ያህል ወደ ቤተሰብ ስትሄድ፣ አንዱን ሳምንት ለከርነሉ፣ አንዱን ለኤዲተሩ፣ አንዱን ለአሴምብለሩ ሰጥቶ ሥርዓቱን አቆመው። የማሽኑ ጠቅላላ ሜሞሪ 8 ሺህ ቃል ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ ማሽን ሜሞሪ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለሥርዓቱ ዩኒክስ የሚለው ስም የወጣለት በመልቲክስ ላይ በመቀለድ ነው፤ ያ ብዙ፣ ይህ አንድ ለማለት።

ሁለተኛውን ማሽን ያገኙበት ዘዴም ያስቃል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንሠራለን ማለታቸውን ተዉና ጽሑፍ ማዘጋጃ እንሠራለን ብለው ወደ 65 ሺህ ዶላር የሚገመት ፒዲፒ-11 አስገዙ። እውነትም የድርጅቱ የፓተንት ክፍል ጸሐፊዎች በ1971 ዩኒክስን ለጽሑፍ ሥራ ተጠቀሙበት። ያ ማሽን 24 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው፤ 16ቱ ለሥርዓቱ፣ 8ቱ ለተጠቃሚው ፕሮግራም። ዲስኩ ግማሽ ሜጋባይት ነበር።

የዩኒክስ ጠባይ ሁሉ ከዚህ ችግር ነው የመጣው። ትዕዛዞቹ ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ የሆኑት፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ነገር ብቻ የሚሠራው፣ ሥራው የተሳካ ከሆነ ምንም ሳይናገር የሚመለሰው፣ ቦታም ጊዜም ስላልነበረ ነው። ጀማሪ ተማሪ ትዕዛዝ ሰጥቶ ማሽኑ ዝም ሲለው ግራ ይገባዋል። ዝምታው ግን ተሳክቷል ማለት ነው።

የሲ ቋንቋ

የሪቺ ትልቁ ሥራ የሲ ቋንቋ ነው። ቶምሰን ከእንግሊዛዊው ማርቲን ሪቻርድስ ቢሲፒኤል ቋንቋ ቀንሶ ቢ የሚባል ትንሽ ቋንቋ ሠርቶ ነበር። ቢ ሁሉንም ነገር እንደ አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚቆጥረው፤ ፊደሉን ከቁጥሩ አይለይም። ፒዲፒ-11 ግን በባይት የሚሠራ ማሽን ስለነበረ ይህ አልተመቸም። ሪቺ በ1971 እና በ1973 መካከል ዓይነቶችን እየጨመረ፣ ኮምፓይለሩን እንደገና እየጻፈ ቢን ወደ ሲ ለወጠው። እሱ ራሱ እንደመሰከረው ዋናው የፈጠራ ዓመት 1972 ነበር።

በዚያን ዘመን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጻፈው በአሴምብሊ ነበር። ማሽኑ ሲቀየር ሥራው ሁሉ ገደል ይገባል። ቶምሰን በ1972 ከርነሉን በሲ ለመጻፍ ሞክሮ ተወው፤ ቋንቋው ገና ስትራክቸር አልነበረውም። ሪቺ ስትራክቸርን ከጨመረ በኋላ በ1973 ክረምት ሁለቱ ሆነው ከርነሉን በሲ ጻፉት። ስትራክት የሚለውን ምዕራፍ ስትማሩ ይህን አስታውሱ። ለፈተና የተፈጠረ ርዕስ አይደለም፤ እሱ ባይኖር ዩኒክስ ከአንድ ማሽን ጋር አርጅቶ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሪቺ ከብራያን ከርኒሃን ጋር የሲን መጽሐፍ አሳተመ። ተማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ለዓለም ሰላምታ በማቅረብ እንዲጀምር ያስለመደው ያ ቀጭን መጽሐፍ ነው።

ከዚህ ጋር የሚነሣው የፓይፕ ነገር ነው። የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው ማቀበል የሚለውን ሐሳብ ለዓመታት ሲወተውት የኖረው የክፍሉ ኃላፊ ዳግ ማክኢልሮይ ነው። በ1973 ቶምሰን በአንድ ሌሊት አስገባው። በማግስቱ ሰው ሁሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን እየቀጣጠለ መሥራት ጀመረ። የማዕረግ ዝርዝር የያዘ ፋይል አለ እንበል። አንዱ ፕሮግራም የፈለግነውን መስመር ይመርጣል፣ ሁለተኛው ይደረድራል፣ ሦስተኛው ይቆጥራል። ሦስቱም ስለ ማዕረግ ምንም አያውቁም፤ ሥራው ግን ይሠራል።

የምንጭ ኮድ ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ኤቲኤንድቲ እ.ኤ.አ. በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት ባደረገው ስምምነት ከስልክ ውጭ ወዳለ ንግድ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ሪቺና ቶምሰን ስለ ዩኒክስ የጻፉት ጽሑፍ በጁላይ 1974 ታትሞ ዩኒቨርሲቲዎች ሲጠይቁ፣ ድርጅቱ መሸጥ ስለማይችል በትንሽ ክፍያ ከነሶርስ ኮዱ ይሰጣቸው ጀመር። ድጋፍ የለም፣ ጥገና የለም፣ ብልሽት ቢገኝ ራሳችሁ ታገሉት ነው ነገሩ። ተማሪዎቹም ታገሉት፤ እያነበቡ አረሙት፣ ጨመሩበት። ካሊፎርኒያ በርክሊ ያደገው የዩኒክስ ቤተሰብ የመጣው ከዚህ ነው።

በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆን ላየንስ የስድስተኛውን እትም ኮድ ለተማሪዎቹ አሳትሞ ከጎኑ ማብራሪያ ጻፈለት። ከርነሉ በጠቅላላው ወደ 9 ሺህ መስመር ነው። አንድ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በክፍል ውስጥ ሲነበብ ማለት ነው። ነገር ግን በ1979 ሰባተኛው እትም ሲወጣ ፈቃዱ ተለወጠ፤ ኮዱን ለማስተማሪያ መጠቀም ተከለከለ። የላየንስ መጽሐፍ ከገበያ ሲጠፋ ተማሪዎች ፎቶ ኮፒ እያደረጉ ከእጅ ወደ እጅ ያሻግሩት ገቡ፤ የኮፒ ኮፒ እየሆነ ፊደሉ እስኪደበዝዝ። መጽሐፉ በይፋ የታተመው በ1996 ነው፤ ሪቺም እንዲፈቀድ ከደከሙት አንዱ ነበር።

እኛ አገር ስለ አቡነ ዘርዓ ብሩክ የሚነገር ትውፊት አለ። ለእስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለግሽ ምንጭ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ውሃው ቅንጣት ሳያረጥብ መለሰላቸው ይባላል። የላየንስ መጽሐፍ 17 ዓመት ያህል በሕግ ውሃ ሥር ሲቆይ ያተረፉት ግን ተማሪዎች ናቸው። እውቀት የሚያነበው ሰው እስካለ ድረስ አይጠፋም።

ክልከላው ሌላም ነገር ወለደ። በኔዘርላንድ ያስተምር የነበረው አንድሩ ታነንባውም ዩኒክስን ማስተማር ሲያቅተው በ1987 ሚኒክስ የሚባል ትንሽ ሥርዓት ራሱ ጽፎ አወጣ። ሪቻርድ ስቶልማን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1983 ማንም የሚያነበው፣ የሚያርመውና የሚያካፍለው ሥርዓት ለመሥራት የግኑን ፕሮጀክት አውጆ ነበር። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊነስ ቶርቫልድስ በሚኒክስ ላይ እየሠራ የራሱን ከርነል ጀመረ፤ በሲ ቋንቋ። በ1992 የግኑን ፈቃድ ሰጠው። ሊኑክስ ማለት ይህ ነው። ሪቺ የጻፈው ኮድ በውስጡ የለም፤ ሐሳቡና ቋንቋው ግን በየገጹ አለ። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒዩተሮች ሁሉም በሊኑክስ የሚሠሩ ሆነዋል።

ጠባዩ

ሪቺ ድምፁን የማያሰማ፣ ራሱን የማይሰብክ ሰው እንደነበረ የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ። ሥራ የሚገባው እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ማታ ቤቱ ሄዶ ደግሞ እስከ ሌሊት ይሠራል። የዩኒክስ ክብር ሲነሣ ቶምሰንን ያስቀድማል። በ1994 ዩኒክስን የሚጠሉ ሰዎች ሥርዓቱን የሚያብጠለጥል ሙሉ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ፣ እሱ ተቆጥቶ መልስ በመስጠት ፈንታ ለዚያው መጽሐፍ የተቃውሞ መቅድም ጽፎ ሰጣቸው፤ በቀልድ እየሸነቆጠ። የራስን ሥራ የሚሳደብ መጽሐፍ ላይ መቅድም የሚጽፍ ስንት ሰው አለ?

በስሙ የተመዘገበው አንድ የታወቀ ፓተንት አለ። አንድ ፕሮግራም ሲሠራ ባስነሣው ሰው ሳይሆን በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ የፈቃድ ምልክት ነው። ፓተንቱ በ1979 ሲጸድቅ ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት። ዛሬ በሊኑክስ ላይ የይለፍ ቃላችሁን ስትቀይሩ የምትጠቀሙት በዚህ ነው። የይለፍ ቃል ፋይሉን ለመጻፍ ሥልጣን ያለው ሩት ብቻ ነው፤ እናንተ ግን የራሳችሁን መቀየር ትችላላችሁ። እንዴት? መቀየሪያው ፕሮግራም ለዚያች ቅጽበት በሩት ሥልጣን ስለሚሠራ ነው።

ሽልማቱ ብዙ ነው። በ1983 ከቶምሰን ጋር የቱሪንግ ሽልማትን፣ በ1999 ከፕሬዚዳንት ክሊንተን እጅ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያን ተቀበለ። በ2007 ጡረታ ወጣ፤ በ2011 ሁለቱ የጃፓን ሽልማት ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12፣ ማለትም ጥቅምት 1 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ብቻውን ይኖርበት በነበረው ኒው ጀርሲ በርክሊ ሃይትስ ቤቱ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 70 ነበር። ስቲቭ ጆብስ ከሞተ አንድ ሳምንት መሆኑ ነው። የጆብስን ሞት ዓለም ሁሉ ሲያለቅስ የሪቺን የሰማው ጥቂት ሰው ነበር። በዚያው ሰሞን የወጣው የፌዶራ ሊኑክስ 16ኛ እትም መታሰቢያነቱ ለእሱ ሆነ።

ለጀማሪዎች

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ተነሥቼ ለአዲሶቹ ተማሪዎች የምለው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ መመሪያውን አንብቡ። የዩኒክስ የመጀመሪያ መመሪያ የተጻፈው በኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው፤ ጸሐፊዎቹም ቶምሰንና ሪቺ ናቸው። በየትዕዛዙ ሥር የታወቁ ጉድለቶችን የሚዘረዝር ቦታ ነበረው። የሠራኸውን ነገር ጉድለት አብረህ መጻፍ ትልቅ ጨዋነት ነው። ዛሬም ማን የሚለውን ትዕዛዝ ከትዕዛዙ ስም ጋር ስትጽፉ የሚከፈተው የዚያው ልማድ ልጅ ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ እሱ አይቋረጥም። ክፍል 1 ስለ ትዕዛዞች፣ ክፍል 2 ስለ ሲስተም ኮል፣ ክፍል 3 ስለ ሲ ላይብረሪ መሆኑን ብቻ ማወቅ ግማሽ መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመጫናችሁ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ቅዱ። ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ ለመጫን ብሎ ፓርቲሽኑን ሳያስተውል ያጠፋና የአንድ ዓመት ሥራው የተበላበት ጓደኛ አለኝ። መጀመሪያ ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሣውን፣ ወይም በቨርቹዋል ማሽን የሚሠራውን ሞክሩ። እዚያ ላይ ብታበላሹ ደግማችሁ ታስነሡታላችሁ፤ በቃ።

ሦስተኛ፣ በሩት ስም አትኑሩ። በተራ ተጠቃሚ ስም ሥሩ፣ ሥልጣን ሲያስፈልግ ለዚያች ሥራ ብቻ ተዋሱ። የሪቺ ፓተንት ቁም ነገሩ ይኸው ነው፤ ሥልጣን በልክና በጊዜው።

አራተኛ፣ ትንሽ ትንሽ ሥሩ፣ ግን በየቀኑ። የጎጃም የቅኔ ተማሪ በመወድስ አይጀምርም፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው። የሰው ቅኔ ሸምድዶም አያልፍም፤ የራሱን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ያመጣል። የሼል ስክሪፕትም እንዲሁ ነው። ዛሬ ሁለት መስመር፣ ነገ አራት። የተቀዳ ስክሪፕት ቢሠራም የእናንተ አይደለም።

አምስተኛ፣ ፊደላችንን ይዛችሁ ግቡ። ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል አመዘጋገብ በ1992 ያወጡት ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው፤ ሪቺ በሚመራው የምርምር ክፍል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ለዚህና በሊኑክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍ እነ ዳንኤል ያዕቆብ ብዙ ደክመዋል። ሞክሩት፤ ዓባይ የሚለውን ቃል በአንድ ፋይል ጻፉና ባይቱን ቁጠሩ። ሦስት ፊደል ነው፤ መስመር መዝጊያውን ሳይጨምር 9 ባይት ይሆናል። ለምን 9 እንደሆነ ያወቀ ተማሪ ስለ ፊደል አመዘጋገብ የሚሰጠውን ምዕራፍ ግማሹን ጨርሷል። እንደገና፣ ዩኒክስ ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 የግሪንዊች እኩለ ሌሊት ጀምሮ በሰከንድ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ሰከንዱን ተቀብሎ የኢትዮጵያን ቀን የሚያወጣ ፕሮግራም በሲ ጻፉ፤ ጳጉሜን ስትደርሱ ጥሩ ትምህርት ታገኛላችሁ።

ስድስተኛ፣ ምንጩን አንብቡ። የዛሬው ከርነል ከበዳችሁ፣ ኤምአይቲ በ2006 የስድስተኛውን እትም ዩኒክስ አሠራር ተከትሎ ለማስተማሪያ የጻፈው ኤክስቪ6 አለ፤ በነፃ ይገኛል፣ ትንሽ ነው፣ ሲ የቻለ ያነበዋል። ለብቻ ከማንበብ አራት አምስት ሆኖ ማንበብ ይሻላል። ዩኒክስም የተሠራው ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ቡና እየጠጡ፣ አንዱ የሌላውን ኮድ እያየ ነው። ኔትወርኩ ውድ ከሆነ ደግሞ አንዱ ያውርደው፣ ሌላው ከእሱ ይቅዳ። በክፍት ሶፍትዌር ላይ ይህ ስርቆት አይደለም፤ የተፈቀደ ነው።

መደምደሚያ

ላየንስ ዘመን ኮዱ ተከልክሎ ሳለ ተማሪዎች ፎቶ ኮፒ እያነሡ ያነቡት ነበር። ዛሬ ኮዱ ክፍት ነው፤ ክልከላ የለም፣ ክፍያ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ አንባቢው ነው። አገራችን ውስጥ በክፍት ሶፍትዌር የሚሠሩ ትልልቅ ሥራዎች አሉ፤ ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ተቋሙ የሚመጣውን መረጃ ለመያዝ ያስገባው ዲኤችአይኤስ2 አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ሥርዓት ሲበላሽ ውስጡን ከፍቶ የሚያርም የአገር ልጅ ከሌለ፣ ኮዱ ክፍት መሆኑ ዝግ ከሆነው በምን ይለያል? የውጭ ባለሙያ ጠርቶ ከመክፈል ያዳነን ምን አለ?

ሪቺና ጓደኞቹ ማሽን ተከልክለው በተጣለ ማሽን ጀመሩ። እኛ የቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር አርጅቷል እያልን የምናማው እንኳ ከፒዲፒ-11 በሺህ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ ላፕቶፕ እስኪገዛልኝ፣ ኔትወርኩ እስኪስተካከል፣ ኮርሱ እስኪደርስ ብላችሁ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ አንድ ትዕዛዝ መርጣችሁ መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አንብቡ፤ ነገ ደግሞ ሌላ። መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ።